ቧንቧው የተደበቀበት ነጭ ቤት

ከሱዳን ተመልሼ አዘዞ ከተቀመጥሁ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሙቀቱ ነው። ሙቀቱን ሰው ይለምደዋል። እኔ ልነግራችሁ የምፈልገው በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ሰኔ እኩሌታው ካለፈ በኋላ፣ ከከሰላ ተነሥቼ በገዳሪፍ በኩል ወደ ገላባት መንገድ ላይ ያለ አንድ የስደተኞች መጠለያ ደርሼ የተመለስሁበትን የዐሥር ቀን ጉዞ ነው። ያን አገር የማታዩት ብዙ ናችሁ፤ ባታዩትም አልፈርድባችሁም። ነገር ግን እዚያ እጄ ያለበት ቤት አለ፤ ቤቱ ምን እንደ ደረሰበት ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል።

ሰኞ

ደብዳቤው የደረሰን እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። የጻፈችው የመጠለያው ነርስ ሲስተር ለተብርሃን ናት። ወረቀቱ ላይ ያለው ሦስት መስመር ብቻ ነው፦ የምሥራቁ ግድግዳ ተከፍቷል፣ እጄ ይገባበታል፣ ዝናብ ሳይመጣ ድረሱልን ይላል። አዜብ አንብባ ሰጠችኝና ንድፏን ጠቅልላ በጨርቅ ማሰር ጀመረች።

አዜብ ማለት ቤቱን የነደፈችው መሐንዲስ ናት። ውጭ አገር ተምራ የመጣች፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። እኔ ግንበኛ ነኝ፤ ከሰላ ውስጥ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ሥር ሦስት ዓመት አብረን ሠርተናል። እሷ "ጋሽ ጌታሁን" ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ በዕድሜ ብበልጣትም አለቃዬ ናትና "እርስዎ" እላታለሁ።

ቤቱ የተሠራው ከዚያ በፊት ዓመት ከመንፈቅ ቀደም ብሎ ነው። ከመንገድ ተዳክመው የመጡ ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋር የሚተኙበት ነው። አዜብ አንድ ትልቅ የአርዴብ ዛፍ፣ ቆለኞቻችን ኩመር የሚሉትን፣ መሐል ግቢው ላይ አስቀርታ ክፍሎቹን በዙሪያው አዞረቻቸው። ጣሪያው ጠፍጣፋ የአፈር ጣሪያ ነው፤ ላዩ በስሱ ሲሚንቶ ተለስኗል፤ ዙሪያውን ጉልበት የሚደርስ ክፈፍ አለው። ግድግዳው በኖራ የነጣ ነው። ከውጭ ስታዩት የሚንጠለጠልም የሚወጣም ነገር የለበትም። የጣሪያው ውኃ የሚወርደው በየማዕዘኑ፣ ግድግዳው ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ ነው። በግድግዳው ሥር ዙሪያውን አበባ ተተክሏል። ከዚያ ሁሉ የሣር ጎጆና የሸራ ድንኳን መሐል እንደ እንቁላል ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር። ከሩቅ አገር የመጡ እንግዶች ሁሉ ፎቶ ያነሡታል።

ቧንቧውን የቀበርሁት እኔ ነኝ። ስቀብረው "ይኼ ቢደፈን በምን ይጸዳል?" የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር። አፌን ዘጋሁ። እሷ የተማረች፣ እኔ በልምድ የሠለጠንሁ ነኝ ብዬ ነው፤ ግን ያ ብቻ አይደለም። ባለፈው ክረምት ደግሞ ዝናብ ስለ ጠፋ ቤቱ ሳይፈተን ቀረ።

በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈርን። የከሰላ ተራሮች ከኋላችን ከጠፉ በኋላ ምንም የለም። በእኛ አገር መንገደኛን የሚያደክመው ፊት ለፊቱ ያለው ዳገት ነው፤ እዚያ የሚያደክመው ፊት ለፊት ምንም አለመኖሩ ነው። የኒው ሀልፋን መገንጠያ አልፈን ሻይ ለመጠጣት አንድ ዳስ ጋ ቆምን። አውቶቡሱ ግማሽ ሰዓት ያህል ከሄደ በኋላ የመሣሪያ ከረጢቴን ዳሱ ሥር ረስቼ መምጣቴ ትዝ አለኝ። መዶሻዬ፣ መሮዬ፣ ቱምቢዬ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። በተሰባበረ ዐረብኛ ለሹፌሩ ነገርሁት። ዘወር ብሎ ተሳፋሪዎቹን ጠየቀ፤ አንድ ሽማግሌ "የእጅ ሙያተኛ ያለ መሣሪያው ምን ይሆናል?" አሉ፤ አውቶቡሱም ሰው እንደ ሞላበት ተመለሰ። አንድም ሰው አላጉረመረመም። አዜብ ግን በመስኮቱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስታይ ቆየች። እዚያ፣ ምድርና ሰማይ በሚገናኙበት፣ ቀጭን ጥቁር መስመር ነበር።

ገዳሪፍ ስንደርስ መጀመሪያ የሚታየው የእህል ጎተራው ነው፤ ረጅም የሲሚንቶ ሕንፃ፣ ከየትም ይታያል። በሥሩ ደግሞ እህል የሚለምን ሰው ተኝቷል። ሎካንዳ የሚሏቸው ማደሪያ ቤቶች ሁሉ ሞልተው ነበር። በመጨረሻ አንድ የጎንደር አዲስ ዓለም ሰው፣ ሐጅ ኢድሪስ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ፣ አነጋገራችንን ሰምተው ከሱቃቸው ወጡና ያገራቸው ልጆች ውጭ እንደማያድሩ ነገሩን። አዜብን ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር አስገቧት፤ ለእኔ በግቢው ውስጥ አንገሬብ፣ ማለት የገመድ አልጋ፣ ዘረጉልኝ።

ማክሰኞ

ያለ ፈቃድ ወረቀት ወደ ድንበር መሄድ አይቻልም፤ ተስሪህ ይሉታል። ከጠዋት ጀምሮ ቢሮ በር ላይ ቆምን። ሹሙ ሻይ ጠጣ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ሶላት ሰገደ። ጥቁሩ መስመር አሁን ጣት ያህል ወፍሯል። አዜብ በየጊዜው ወደ ላይ ታያለች፤ እኔም እሷ ስታይ አያለሁ።

ቀትር ላይ ሐጅ ኢድሪስ ምሳ አስይዘው መጡ፤ ቆመን እንዳንውልም ወደ ቤታቸው ወሰዱን። አዜብ የቤታቸውን ጣሪያ ቀና ብላ አየች። እንደ እኛው ጠፍጣፋ ነው፤ ነገር ግን ከክፈፉ ክንድ ያህል እየወጡ ወደ ውጭ የሚያጎነብሱ ቆርቆሮዎች ተሰክተውበታል፤ ዝገው ያስጠላሉ። የጣሪያውን ውኃ ወደ ውጭ የሚተፉ ናቸው፤ ሰበሎቃ ነው የሚሉት። እሷ ይኼ የቤትዎን መልክ አበላሽቶ አያስቀይምዎትም ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ሐጁ ሳቁ።

"ያስቀይመኛል እንጂ። ክረምት ሲመጣ ግን እያየሁት ደስ ብሎኝ እተኛለሁ" አሏት።

ከሰዓት በኋላ ሐጁ ራሳቸው ቢሮው ድረስ መጥተው ከሹሙ ጋር ጥቂት ተነጋገሩ፤ ወረቀቱ ማኅተም ተመታበት። ማታ ሊሰናበቱን ሲወጡ ባዶ የዘይት ቆርቆሮዎች በገመድ አሳስረው አመጡ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅንም፤ እሳቸውም አልነገሩንም።

ረቡዕ

ማሽላ በጫነ ሎሪ ላይ፣ ከጆንያው አናት ተቀምጠን ወደ ዶካ ሄድን። የዚያ አገር አፈር እንደኛው መረሬ ነው፤ ግን መጠኑ ሌላ ነው። በበጋ እየደረቀ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የበግ እግር ይውጣል። ውኃ ሲያገኝ ደግሞ እንደ ሊጥ ያብጣል። የአዘዞ ሰው ቤት ሲሠራ ቋጥኝ እስኪያገኝ ይቆፍራል፤ እዚያ ብትቆፍሩ ቋጥኝ የለም።

በመንገድ ዳር ወደ ላይ የሚሄዱ ሰዎች አየን። እኛ ወደ ድንበሩ ስንሄድ እነሱ ከድንበሩ ይመጣሉ። አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ፣ ሌላ ሕፃን በእጇ ይዛ ቆማ ሎሪውን አየችው፤ እጇን አልዘረጋችም። ሹፌሩ ቀዝቀዝ አደረገ፤ ረዳቱ ውኃ የያዘ ጀሪካን አወረደላት።

ከዶካ በመለስ አንድ ደረቅ ወንዝ ስንሻገር የኋላ ጎማችን ሰመጠ። ጆንያውን በሙሉ አውርደን፣ ገፍተን፣ እንደገና ጫንን። አዜብም እንደ ወንዱ ተሸከመች፤ አትሸከሚ ያሏትን አልሰማቻቸውም። ስንጨርስ ከሩቅ ነጎድጓድ ተሰማ። ሹፌሩ ገላባት ላይ ትናንት ዘንቧል አለ።

ዶካ ያደርነው አንዲት የመተማ ሴት ሻይ በምትሸጥበት የሣር ዳስ ውስጥ ነው። ኪስራ ወይካ ከሚሉት የደረቀ ባሚያ ወጥ ጋር አቀረበችልን። ኪስራ እንደ እንጀራ ይመስላል፤ ስስ ነው፣ ዓይን የለውም፤ የራበው ሰው ግን ዓይን አይፈልግም። ያለቻትን አንዲት አልጋ ለአዜብ ለቃ እሷ ሰሌን ላይ ተኛች።

ሐሙስ

የትራክተር ተጎታች አግኝተን ረፋዱ ላይ ደረስን። ቤቱ ከሩቅ እንደ ድሮው ነጭ ነው። አዜብ ስታየው ፊቷ ፈታ አለ፤ አየኋት። ወደ ምሥራቅ በኩል ስንዞር ግን ግድግዳው ከክፈፉ እስከ መሠረቱ ተሰንጥቋል። ሲስተር ለተብርሃን እንዳለችው እጅ ይገባበታል። አበባው በሥሩ ለምልሞ ተንዠርግጓል። ምክንያቱን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም፤ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ የሕፃናቱ እጣቢ ውኃ አበባው ሥር ሲፈስ አፈሩ በአንድ ወገን አብጧል፤ በሌላው ወገን ደርቆ ሸሽቷል። ግድግዳው በሁለቱ መሐል ተወጠረ።

ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ አንገሬብ ተደርድሯል፤ በአንዱ ላይ ሁለት እናት፣ ሦስት ሕፃን። የሚያለቅስ ልጅ ጥቂት ነው፤ እዚያ የሚያስፈራው ዝምታው ነው።

የቤቱ ጠባቂና ጽዳት አያ ካሳ የሚባሉ የአርማጭሆ ገበሬ ናቸው፤ ስድሳ ዓመት የተጠጉ። ግራ እጃቸው በጨርቅ ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። አዜብ ምን ሆነው ነው ብላ ጠየቀች። ዛፉን አሳዩዋት። የአርዴብ ቅጠል ደቃቅ ነው፤ ነፋስ አቧራ ባነሣ ቁጥር ጣሪያው ላይ ይከመርና የቧንቧውን አፍ ይደፍናል። ጣሪያው መውጫ ስለሌለው እሳቸው በየሳምንቱ በዛፉ እየወጡ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ክፈፉ እየተሻገሩ ይጠርጉ ነበር። በግንቦት ቅርንጫፉ ከዳቸው።

"ልጄ፣ ቤትሽ ቆንጆ ነው" አሏት በዝግታ። "ነገር ግን ስትሠሩት የሚጠርገው ሰው አለ ብላችሁ አላሰባችሁም።"

አዜብ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ጋሽ ጌታሁን፣ ቧንቧውን ሲቀብሩ ይኼ አልታየዎትም?"

"ታይቶኛል።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

አለቃዬ ስለሆኑ ማለት እችል ነበር። ያ ግማሹ ነው። "ቤቱ አምሮኝ ነበር" አልኋት። "ሃያ ዓመት ሙሉ የገነባሁት ሱቅና መጋዘን ነው። እንደዚህ ያለ ነገር በእጄ ወጥቶ አያውቅም። እንዳይበላሽብኝ ፈራሁ።"

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣችም። በዛፉ ወጥታ ጣሪያውን አየች። ከአራቱ ቧንቧ ሦስቱ ተደፍነዋል፤ በሽቦ ብንሞክር አንዱም አልከፈት አለ።

ዓርብ

ጠዋት ክርክር ሆነ። አያ ካሳ ዛፉ ይቆረጥ አሉ፤ ዛፉ እያለ ጣሪያው አይጸዳም። ሲስተር ለተብርሃን አጭር ሴት ናት፣ ስትናገርም ድምፅዋ አይወጣም፤ የዚያን ጊዜ ግን በሩ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች። ቀትር ላይ ክፍሎቹ እንደሚግሉ፣ እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው የሚወጡት ዛፉ ሥር እንደሆነ፣ ውስጥ ወተት አልወስድ ያለ ልጅ ጥላው ሥር ሲወስድ ደጋግማ ማየቷን ተናገረች። "ዛፉን የሚቆርጥ መጀመሪያ እኔን ያባርረኝ" አለች።

አዜብ ንድፏን ዘርግታ ላዩ ላይ አጎነበሰች። እኔ የማውቃት ስትነድፍ ስታፏጭ ነው፤ ያን ጠዋት አላፏጨችም። በመጨረሻ እርሳስ አውጥታ በዚያ በሚያምር ሥዕል ላይ መሰረዝ ጀመረች። ዛፉ ይቆያል፤ ወደ ጣሪያው የሚያልፈው ቅርንጫፍ ብቻ ይቆረጣል። አበባው ከግድግዳው ሥር ይነሣና ወደ ዛፉ ሥር ይዛወራል፤ እጣቢውም እዚያ ይፈሳል። በግድግዳው ዙሪያ አፈሩ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ይደለደላል። መሰላል ይሠራል። ክፈፉ ደግሞ ስምንት ቦታ ላይ ይበሳና የዘይት ቆርቆሮ ሰበሎቃ ይገባበታል።

አቅም ያላቸው እናቶች አበባውን እየነቀሉ ተከሉ። አያ ካሳ በአንድ እጃቸው አፈሩን ይደለድላሉ፣ ያዝዛሉ። እኔና አዜብ ክፈፉን ለመብሳት ጣሪያው ላይ ዋልን። ያን ክፈፍ ስሠራው ሲሚንቶ አልሰሰትሁም ነበር፤ መሮው ይነጥራል፤ ራሴን እየረገምሁ መታሁት። እስኪመሽ ሦስት ቀዳዳ ከፈትን። ሰማዩ በምሥራቅ በኩል ጥቁር ሆኖ ዋለ፤ አልዘነበም።

ቅዳሜ

እስከ ቀትር ሁለት ጨመርን፤ አምስት ሆነ። የቀሩት ሦስቱ የተሰነጠቀው የምሥራቅ ወገን ላይ ነበሩ። ግድግዳው በመዶሻ እንዳይናድብን ፈርተን ያን ወገን ለመጨረሻ አቆይተነው ነበር። ጥፋታችን እሱ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነፋስ ተነሣ። መጀመሪያ አቧራው መጣ፤ ፀሐይዋ ቀይ ሆና ጠፋች። ቀጥሎ ዝናቡ ወረደ። በእኛ አገር ዝናብ ያካፋል፣ ያስጠነቅቃል፤ ያ ዝናብ ግን ከላይ እንደ ተደፋ ነው። አምስቱ ሰበሎቃዎች በኃይል ይተፋሉ። በምሥራቁ በኩል ውኃው ተኝቶ እያደገ ሄደ፤ ቁርጭምጭሚቴን አለፈ። ጣሪያው ከሥሬ ሲያቃስት በእግሬ ተሰማኝ።

ወደ ታች ጮኼ ክፍሉን አስለቅቁ አልሁ። ሲስተር ለተብርሃን ልጅ እያነሣች እህል ወደሚቀመጥበት ድንኳን ትሮጣለች፤ እናቶቹ ይከተላሉ። እኔ አንዱን፣ አዜብ ሌላውን ቦታ እንቀጠቅጣለን።

ውስጥ አንዲት እናት አልወጣም ብላ እንደቀረች የሰማሁት በኋላ ነው። ልጇ አራት ቀን ሙሉ አፉን ዘግቶ ነበር፤ ያን ጊዜ፣ ነጎድጓዱ መሐል፣ ከማንኪያው መቀበል ጀምሮላታል። ብነቀንቀው መልሶ ይዘጋብኛል አለች። ሲስተር ለመነቻት፣ አልሰማቻትም። አያ ካሳ ገቡ። አልተከራከሯትም። የወተቱን ኩባያ ከፊቷ በደህናው እጃቸው አንሥተው፣ እንዳይፈስ በክርናቸው ከልለው፣ ቀስ ብለው ወደ በሩ ሄዱ። ልጇን አቅፋ ኩባያውን ተከትላ ወጣች።

እኔ ላይ ሆኜ ማዕዘኑ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አዜብ እሱ አጠገብ ተንበርክካለች።

"አዜብ፣ ውረጂ!" አልሁ። "እርስዎ" ማለት በዚያ ሰዓት ከየት ይመጣል።

አልወረደችም። ሁለት ጊዜ መታች፤ ክፈፉ ተከፈተ፤ ውኃው በዚያ እንደ ጎርፍ ወጣ። ክንዷን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኋት። የሰሜን ምሥራቁ ማዕዘን ከነጣሪያው ገባ። ጭቃው የወደቀው ሦስት አንገሬብ ላይ ነው፤ አንዱ ያቺ እናት የተቀመጠችበት ነበር።

የቀረው ጣሪያ ቆመ። ዝናቡ እስኪያባራ እኔና አዜብ እዚያው ተቀምጠን ሰበሎቃዎቹ ሲተፉ ሰማን። እጇ ደም በደም ሆኖ ነበር።

እሑድ እና የመመለሻው መንገድ

እሑድ የወደቀውን ማዕዘን ጠርገን፣ ግድግዳውን በግንድ ደገፍን፣ የቀሩትን ቀዳዳዎች ከፈትን። ቤቱ ነጭነቱ በጭቃ ተበላሽቶ፣ ዙሪያውን ቆርቆሮ ተሰክቶበት፣ አንድ ጥጉ በሸራ ተሸፍኖ ሲታይ ሌላ ቤት ነው። አዜብ ለአያ ካሳ ስንጥቅ በኖራና በአሸዋ እንዴት እንደሚደፈን አሳየቻቸው፤ እሳቸው ደግሞ መሰላሉ የት ቢቆም እንደሚሻል አሳዩዋት። የተቀመጠበትን ቦታ ቀየረችው።

ሰኞና ማክሰኞ በጭቃ ውስጥ በትራክተር ተጎትተን ገዳሪፍ ገባን። ሐጅ ኢድሪስ ልብሳችንን አሳጠቡልን፤ የአዜብን እጅ ባለቤታቸው አጥበው አሰሩላት። ቤቱ እንዴት ነው ሲሉ ቆሟል አልናቸው። አልሐምዱሊላህ ብለው ሌላ አልጠየቁም። ረቡዕ ከሰላ ገባን።

ነሐሴ ሲጋመስ ከመጠለያው ደብዳቤ መጣ። አያ ካሳ ሲናገሩ ሲስተር ለተብርሃን የጻፈችው ነው። ክረምቱ ከባድ መሆኑን፣ ጣሪያው እንዳላፈሰሰ፣ እጃቸው እንደ ዳነ፣ በየሳምንቱ በመሰላሉ እየወጡ እንደሚጠርጉ ይናገራል። ያቺ እናትና ልጇ ከመጠለያው ወጥተው እርሻ ወዳለበት መሄዳቸውንም ጽፋለች። ከታች የአያ ካሳ አንድ ልመና አለ። አዜብ ጮክ ብላ አነበበችው።

"ኖራ ላኩልኝ" ይላል። "በበሩ በኩል ያለውን ግድግዳ ጭቃ አጥቁሮታል። አዲስ የሚገቡ እናቶች ሲያዩት ደስ አይላቸውም። በፊት እንደነበረው ላነጣው እፈልጋለሁ።"

ሁለተኛ ጊዜ በልቧ አነበበችው። ከዚያ ደብዳቤውን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ውጭ በሚወርደው ዝናብ ኖራ ፍለጋ ወደ ገበያ ወጣች።